ስለ ብልጭታ መንኰራኵርና ስለ ሞቶሩ አመራረጥ

ከኤሌክትሪክ ጥበብ ወገን ወጣቶችን እጅግ የሚማርካቸው ከፍተኛ ብልጭታ የሚሰጠው መሣሪያ ነው። ሥዕሉን ያዩ ወይም ሲሠራ የተመለከቱ ልጆች ወደ መምህራቸው መጥተው፦ «የብልጭታውን መንኰራኵር የሚያዞረው ሞቶር ምን ዓይነት ይሁን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄውም ብዙ ጊዜ «ስንት የፈረስ ጕልበት ያለው?» በሚል ቃል ይቀርባል። የመልሱ መጀመሪያ ግን የጕልበት ነገር አይደለም። ለዚህ ሥራ ሞቶር የሚመረጠው ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜን በመጠበቁ ነው፤ ቀጥሎም የሚያዞረው ገበታ ሊሸከመው በሚችለው ፍጥነት ነው። የመጀመሪያውን የዘነጋ ሰው ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል፤ ሁለተኛውን የዘነጋ በአጠገቡ የቆመውን ሰው ያቈስላል። ስለዚህ ምክር የሚጠየቁ መምህራንና ሽማግሎች የሚመልሱት እንዳያጡ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ የብልጭታ ክፍተት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ትራንስፎርመር የከተማውን 220 ቮልት ወደ 10,000 ወይም ወደ 15,000 ቮልት ያሳድገዋል። ይህም ኃይል ካፓሲተር በሚባለው ማከማቻ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ካፓሲተርም ለኤሌክትሪክ እንደ እንስራ ያለ ነው። እንስራው ሲሞላ ኃይሉ በሁለት ብረቶች መካከል ያለውን አየር ሰብሮ በብልጭታ ይፈስሳል፤ ፈስሶም ጥቂት ዙር በተጠቀለለ ወፍራም መዳብ ውስጥ ሲያልፍ በመካከሉ በቆመው ባለ ብዙ ዙር ጥቅል ላይ እጅግ ከፍ ያለ ቮልት ያስነሣል። ይህን መሣሪያ ኒኮላ ቴስላ የተባለው ሊቅ በ1891 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ስለ ሠራው እስከ ዛሬ የቴስላ ጥቅል ይባላል።

ሁለቱ ብረቶች ከቦታቸው የማይነቃነቁ ከሆነ ግን ችግር ይመጣል። ብልጭታው ያለፈበት አየር ይግላል፤ የጋለ አየርም ኤሌክትሪክን ማሳለፍ ስለማይተው ብልጭታው በጊዜው መጥፋቱ ይቀርና እንደ ብየዳ እሳት ተያይዞ ይነዳል። በዚህ ጊዜ እንስራው ከሥሩ እንደ ተቀደደ ነውና ከቶ አይሞላም። መንኰራኵር የተፈለገው ስለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ክብ ገበታ ዳር ዳር አጫጭር የብረት ጥርሶች ይተከላሉ፤ ከገበታውም ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ ጥርሶች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ገበታው ሲዞር አንዱ ጥርስ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያልፋል፤ ባለፈባት ቅጽበት ብልጭታው ይዘልላል፤ ጥርሱ ሲርቅም ይቋረጣል፤ ከመዞሩ የሚነሣው ነፋስም የጋለውን አየር ይጠርገዋል።

ይህ ብልሃት የቆየ ነው። ቴስላ ራሱ በ1899 በአሜሪካ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ባቆመው ቤተ ሙከራ በሞቶር የሚዞር መክፈቻ ነበረው። ማርኮኒ በ1907 በአየርላንድ በክሊፍደን የከፈተው፣ መልእክትን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ የሚያደርሰው ገመድ አልባ ቴሌግራፍ በሚዞር ገበታ ብልጭታ ይሠራ ነበር። በ1912 በሚያዝያ ወር የሰጠመችው ታይታኒክ የተባለችው መርከብም 5 ኪሎዋት ኃይል ያለው ባለ መንኰራኵር መሣሪያ ነበራት፤ ጥሪዋን ካርፓቲያ የምትባል መርከብ ሰምታ ደርሳ ከ700 በላይ ሰዎች አነሣች። በዚያ ዘመን መልእክት ተቀባዩ ብልጭታዎቹን በጆሮ ማዳመጫ እንደ ድምፅ ይሰማቸው ነበር። ብልጭታው በእኩል ጊዜ ሲመላለስ እንደ ፉጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሆናል፤ ጊዜውን ሲያዛባ ግን ይንኮሻኮሻል። እንግዲህ የሞቶሩን ጠባይ ባሕር ማዶ ያለ ሰው በጆሮው ያውቀው ነበር ማለት ነው። በኋላ ግን ብልጭታ አየሩን ሁሉ እያወከ የሌላውን መልእክት ስለሚያጠፋ በ1927 በዋሽንግተን የተፈረመው የመንግሥታት ውል ከ1940 ጀምሮ ከአነስተኛ መሣሪያዎች በቀር ለመልእክት እንዳይሠራበት ከለከለ። ዛሬ የቀረው ለትምህርት ማሳያነት ነው፤ ለማሳያም ቢሆን የጎረቤትን ሬዲዮ ማወኩ እንደማይቀር ሠሪው ይወቅ።

አሁን ወደ ጊዜው ነገር እንመለስ። በሽቦ የሚመጣልን ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስስ አይደለም፤ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። በአንዱ ምልልስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ ከፍታው ስለሚደርስ በሴኮንድ 100 ከፍታ አለው ማለት ነው። ካፓሲተሩም የሚሞላው በዚሁ ልክ 100 ጊዜ ነው። ጥርሱ በቋሚዎቹ መካከል ሲያልፍ ካፓሲተሩ ሞልቶ ቢያገኘው ብልጭታው ብርቱ ይሆናል፤ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ወይ ደካማ ብልጭታ ይሆናል ወይ ከነጭራሹ ይቀራል። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ በየተራ ሲወቅጡ የተመለከተ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። የአንዷ ዘነዘና ሲነሣ የሌላዋ ይወርዳል፤ አንዷ ጥቂት ብትዘገይ ግን ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል። የዘገየችው ሴት ጕልበተኛ መሆኗ እዚህ ላይ ምንም አይረዳትም፤ ግጭቱን ያብሰዋል እንጂ።

በቀድሞዎቹ ታላላቅ ጣቢያዎች ይህን ችግር የፈቱት መንኰራኵሩን ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው በዲናሞው ዘንግ ላይ በመትከል ነበር፤ በአንድ ዘንግ የሚዞሩ ሁለት ነገሮች ሊለያዩ አይችሉምና። በቤቱ የሚሠራ ሰው ግን የእርሱ ዲናሞ በጊቤ ወይም በቆቃ ነው፤ ዘንጉን እስከ ደጁ ሊያስረዝመው አይቻለውም። ይሁን እንጂ ከዲናሞው ጋር እርምጃውን ሳያዛንፍ የሚዞር ሞቶር አለ፤ ስሙም ሲንክሮነስ ይባላል። ይህ ሞቶር በሽቦ የተዘረጋ የዲናሞ ዘንግ እንደ ማለት ነው። ባለ አራት ዋልታው በደቂቃ ልክ 1500 ዙር፣ ባለ ሁለት ዋልታው ልክ 3000 ዙር ይዞራል፤ ከዚህ አንድ ዙር እንኳ አይጨምርም፣ አይቀንስምም። 1500 ዙር በሴኮንድ 25 ዙር ነው፤ በገበታው ላይ አራት ጥርስ ቢተከል 25 በ4 ሲባዛ በሴኮንድ 100 ብልጭታ ይሆናል። በ3000 ዙር ግን ሁለት ጥርስ ይበቃል።

ዳሩ ግን በገበያ የሚገኘው ሞቶር አብዛኛው ሲንክሮነስ አይደለም። ውሃ የሚስበው፣ እህል የሚፈጨው፣ ነፋስ የሚነፋው ሁሉ ኢንዳክሽን የሚባለው ነው። በዚህ ሞቶር ውስጥ የሚዞረው እምብርት ኃይሉን የሚያገኘው የውጭው መግነጢስ በላዩ እየቀደመ ሲያልፍ ነው፤ እኩል ቢሄዱ ኃይሉ ይቋረጣልና እምብርቱ እንደ በቅሎ ተከታይ ሎሌ ሁልጊዜ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ 1500 መዞር የሚገባው 1425 ያህል ይዞራል፤ በሞቶሩ ላይ በተለጠፈው የብረት ጽሑፍም የሚነበበው ይህን የመሰለ ቍጥር ነው። 75 ዙር ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በአራት ጥርስ ሲቈጠር በሴኮንድ 95 ብልጭታ ይሆናል፤ ከ100 የጐደለው 5 ነው። እንግዲህ በየሴኮንዱ አምስት ጊዜ ጥርሱ ከሞላው እንስራ ወደ ባዶው፣ ከባዶውም ወደ ሞላው ይንሸራተታል ማለት ነው። ብልጭታው ያጓራል፣ ይዳከማል፣ ደግሞ ያጓራል። ክፋቱም የድምፁ ብቻ አይደለም። ብልጭታ በሳተ ጊዜ ያልፈሰሰው ኃይል በሚቀጥለው ላይ ይደረባል፤ ቮልቱም ትራንስፎርመሩ ሊችለው ከተሠራበት መጠን ያልፍና ልባሱን ይበሳዋል። ለማስታወቂያ መብራት የሚሠራው ባለ 15,000 ቮልት ትራንስፎርመር በተለይ ለዚህ ጕዳት የተጋለጠ ነው።

ብልሃተኞች ለዚህ መላ አግኝተዋል፤ ኢንዳክሽኑን ሞቶር ወደ ሲንክሮነስ መለወጥ ይቻላል። እምብርቱን ከሞቶሩ ያወጡና ክቡን ገጹን በዋልታው ቍጥር ልክ ጠፍጣፋ ያደርጉታል፤ ባለ አራት ዋልታ ከሆነ አራት ጠፍጣፋ ገጽ እኩል በእኩል ርቀት፣ ባለ ሁለት ዋልታ ከሆነ ሁለት ፊት ለፊት። መግነጢሱ ባልተነካው ወገን ጠንክሮ ስለሚይዘው እምብርቱ መንሸራተቱን ትቶ እኩል መራመድ ይጀምራል። ሥራው ግን በቶርኖ ቤት በሠለጠነ እጅ ይሠራ። አንዱ ገጽ ከሌላው ጥቂት ቢለይ እምብርቱ ሚዛኑን ያጣና ይንቀጠቀጣል። ጠፍጣፋው እጅግ ቢጠልቅ የሞቶሩ ጕልበት ይሞታል፤ እጅግ ቢሳሳ ደግሞ እርምጃውን አይዝም፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት እየፋቁ መሞከር ይሻላል። እንዲህ የተለወጠ ሞቶር ከቀድሞው ይልቅ ይግላል፣ ጕልበቱም ያንሳል። የፈረስ ጕልበት ነገር የሚገባው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፦ ቀላሉን ገበታ ለማዞር እጅግ ጥቂት ኃይል ቢበቃም፣ ለመለወጥ የሚመረጠው ሞቶር ሩብ የፈረስ ጕልበት ያህል ቢኖረው የሚጠፋበትን ችሎ ይሠራል። ገበታውም ቀላል ይሁን፤ የከበደ ገበታ የተጫነበት ሲንክሮነስ ሞቶር እስከ 1400 ይደርስና መጨረሻዋን እርምጃ መዝለል አቅቶት እዚያው ይቀራል።

ሲንክሮነስ የሆኑ ትንንሽ ሞቶሮች በቤት ዕቃ ውስጥም ይገኛሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ለዚህ አይጠቅሙም። በምግብ ማሞቂያ ምድጃ ውስጥ ሳሕኑን የሚያዞረው በደቂቃ ጥቂት ዙር ብቻ ይዞራል። የልብስ ማጠቢያውን ውሃ አውጥቶ የሚጥለው ትንሽ ፓምፕ ብዙ ጊዜ 3000 ዙር እኩል ይሄዳል፤ ሆኖም ገበታ ቢጫንበት አይነሣም፤ ቢነሣም ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ አይታወቅም። የጠረጴዛ ማራገቢያ ሞቶር ደካማና ተንሸራታች ነው።

ሌላው ወገን ባለ ካርቦን ሞቶር ነው፤ በልብስ ስፌት መኪና፣ በእጅ መሰርሰሪያ፣ በብረት መቍረጫ ውስጥ ያለው ይህ ነው። ወጣቶች በፍጥነቱ ይወዱታል፤ እኛ ግን አናወድሰውም። ይህ ሞቶር የራሱ የሆነ የፍጥነት ወሰን የለውም፤ ጭነቱ በቀለለ መጠን እየፈጠነ ይሄዳል፤ የብልጭታ ገበታም ለእርሱ ጭነት አይባልም። በደቂቃ 10,000 ዙር ማለፍ ለእርሱ ቀላል ነው። ፍጥነቱንም በቮልት ማስተካከያ መያዝ ቢቻል ከኤሌክትሪኩ ምት ጋር ከቶ አይገናኝም። በመኪና ባትሪ የሚዞረው ባለ መግነጢስ ሞቶር ከዚህ ይሻላል፤ ቮልቱን በመለካት ፍጥነቱ ይገዛል። ብርቱ ትራንስፎርመር ያለው ሰው በሴኮንድ 300 ወይም 400 ብልጭታ ቢያደርግ በአንዱ ከፍታ ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ ስለሚያገኘው ከምቱ ጋር መግጠም ግድ አይሆንበትም፤ በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለው ሞቶር ያገለግላል። የማስታወቂያ መብራት ትራንስፎርመር ግን ኃይሉ ቀጭን ነውና ካፓሲተሩን ያን ያህል ጊዜ ሊሞላው አይችልም።

ስለ ፍጥነት የሚከተለውን ሒሳብ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ቢጽፈው መልካም ነው። በማማ ላይ ሆኖ ሰብል የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያሽከረክር ድንጋዩ እጁን እንደሚጐትተው ያውቃል፤ በገበታው ዳር ያለ ጥርስም እንዲሁ ወደ ውጭ ይጐትታል። ጥርሱ ከነማሰሪያው 20 ግራም ቢመዝንና ከመካከሉ 10 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ በ1500 ዙር በ5 ኪሎ ክብደት ያህል ይጐትታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 3000 ሲደርስ ጕተታው እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ሆኖ 20 ኪሎ ይሆናል። በ10,000 ዙር ግን ከሁለት ኩንታል ያልፋል፤ ይህም ከአንዲት 20 ግራም ብረት ነው! በዚያ ፍጥነት ብሎኑ ቢላላ ወይም ገበታው ቢሰነጠቅ የሚወጣው ነገር ከወንጭፍ ድንጋይ እጅግ የከፋ ነው። ስለዚህ ገበታው ከእንጨት አይሁን፤ እንጨት እርጥበት ስለሚጠጣ ኤሌክትሪኩ በላዩ መንገድ አበጅቶ ያከስለዋል። በፋይበርግላስ የተጠናከረ ጠንካራ የሙጫ ገበታ ይሻላል። ጥርሶቹ ለአርጎን ብየዳ ከሚሸጠው የቱንግስተን ዘንግ ቢሆኑ ሙቀቱን ይችላሉ። መንኰራኵሩም በወፍራም ሳጥን ይከለል፤ በሚዞርበትም ጊዜ ከገበታው ዳር ትይዩ ሰው አይቁም።

የሞቶሩ ኩሽኔታ ጤናማ መሆኑ ከመገዛቱ በፊት ይመርመር። ዘንጉን በጣት ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መነቅነቅ ነው። በተሽከርካሪውና በቋሚው ጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ዘንጉ ከተንገዳገደ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። የሞቶሩ ብረት አካል በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ፤ የገበታው መካከል ከጥርሶቹ በቂ ርቀት ይኑረው፤ አለዚያ ብልጭታው በዘንጉ በኩል ወደ ሞቶሩ ጥቅል ይገባል። ከሞቶሩ በኋላ ስለሚመጣው ስለ ከፍተኛው ቮልት አንድ ነገር ብቻ እንናገራለን፦ 15,000 ቮልት የተከማቸበት ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም ይገድላል። ይህን ክፍል በኤሌክትሪክ ሥራ የተፈተነ ሰው በሌለበት ማንም አይንካው፤ ተማሪማ ከቶ አይጠጋው።

ሲንክሮነስ ሞቶር ሲተከል አካሉ በመቀመጫው ላይ ጥቂት ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር የሚችል ሆኖ ይታሰር። ሞቶሩ ጊዜ ይጠብቃል፤ ነገር ግን በየትኛዋ ቅጽበት መምታት እንዳለበት የሚያስተካክልለት ሠሪው ነው። በባለ አራት ዋልታው ሞቶር አካሉን 45 ዲግሪ ማዞር ብልጭታውን ከሞላው ወደ ባዶው ያሻግረዋል፤ እንግዲህ ትክክለኛው ስፍራ በዚህ ውስጥ ይፈለጋል። ማስተካከሉም ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ ካፓሲተሩም ባዶ ሆኖ ብቻ ይደረግ።

ሞቶሩ በእውነት እኩል ተራማጅ መሆኑን ግን ያለ ምንም ከፍተኛ ቮልት በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ማየት ይቻላል፤ ለተማሪዎችም የሚገባው ፈተና ይህ ነው። ጥርስ የሌለው ጥቍር ቀለም የተቀባ ቀላል የካርቶን ገበታ በሞቶሩ ላይ በደኅና ይታሰር፤ ከመካከሉ ወደ ዳሩ አንድ መስመር በጠመኔ ይሰመርበት። ክፍሉን አጨልሞ ከከተማ መብራት በሚበራ በድሮው ዓይነት ረጅም የሸምበቆ መብራት (ፍሎረሰንት) ይመልከቱት። ይህ መብራት ለዓይን ባይታወቅም በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ሞቶሩ ልክ 1500 የሚዞር ከሆነ አንዱ የጠመኔ መስመር አራት ሆኖ፣ እንደ መስቀል ተዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። 1425 የሚዞረው ከሆነ መስቀሉ ከዙሩ በተቃራኒ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፤ በአንድ ምልክት ፊት በአንድ ሴኮንድ ስንት መስመር እንዳለፈ ተማሪው ቢቈጥር 5 ያገኛል፤ ከ100 የጐደለውም ያው 5 ነው። በባለ 3000 ዙሩ የሚታየው ሁለት መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደገና የሚሸሽ ቢሆን ሞቶሩ እርምጃውን ይይዝና ይለቃል ማለት ነውና፣ እምብርቱ እንደገና ወደ ቶርኖ ቤት ይመለስ ወይም ገበታው ይቅለል።